«ጸልዪ» ብቻ ለተባለች እህት

እህቴ ጥያቄሽን ሦስቴ አነበብኩት፣ ለሚያነቡት ሌሎች ሰዎችም እንዲገባቸው መጀመሪያ ባጭሩ ልድገመው። ከተጋባችሁ 9 ዓመታችሁ ነው፣ ሁለት ልጆች አሏችሁ፣ ሁለታችሁም አማኞች ናችሁ። ባለቤትሽ ሲከፋው ይዘጋሻል፣ ለቀናት አንዳንዴም ለሳምንታት አያናግርሽም። በዚህ መሀል ሳይነግርሽ ትልቅ ገንዘብ መበደሩን ከሌላ ሰው አፍ ሰማሽ። ለእናትሽ ነገርሽ፣ ለጓደኞችሽ ነገርሽ፣ ለአገልጋዮች ነገርሽ፣ የሁሉም መልስ «ጸልዪ» ሆነ። ሦስት ዓመት «ጌታ ሆይ ቀይረው» እያልሽ ጸለይሽ፣ ጾምሽ፣ ለውጥ የለም። አብራችሁ ስትጸልዩ ደሞ ጸሎቱ ራሱ የጭቅጭቅ መነሻ እየሆነ ነው። ባለፈው የ7 ዓመት ልጅሽ እያለቀስሽ ስትጸልዪ በር ላይ ሆና ሰምታሽ «እማዬ፣ እግዚአብሔር አይሰማሽም እንዴ?» አለችሽ፣ ምን እንደምትመልሺላት ጠፋሽ። «ጸሎቴ ላይ ምን ጎደለ? ልቀጥል ወይስ ይብቃኝ?» ነው ጥያቄሽ።

ቀጥዪ። ይቺን ቀድሜ ልበልሽና ወደ ዝርዝሩ ልግባ። የሦስት ዓመቱ ጸሎት ባከነ ብለሽ እንዳታስቢ፣ እምነትሽ ስላነሰ ነው ያለሽ ሰው ካለም ተሳስቷል። ይስሐቅ ርብቃን ሲያገባ 40 ዓመቱ ነበር፣ መካን ስለነበረች ጸለየላት ይላል ዘፍጥረት 25፣ በአንድ መስመር። እኛም በአንድ ትንፋሽ አንብበነው እናልፋለን፣ ግን እዛው ምዕራፍ ላይ ወረድ ስትይ መንትዮቹ ሲወለዱ ይስሐቅ 60 ዓመቱ ነበር ይላል። 20 ዓመት ማለት ነው እኮ። በዛች አንድ መስመር ውስጥ ስንት ሌሊት እንዳለ አስቢው። ስለዚህ መዘግየቱ ብቻውን ስለ እምነትሽ ምንም አይናገርም።

ወደ ዋናው ነገር ከመሄዴ በፊት አንድ ነገር። አንቺ አልጻፍሽውም፣ ግን ይሄን የምታነብ ሌላ ሴት ልትኖር ትችላለች፣ ወይም አንቺም ለመጻፍ አፍረሽ ሊሆን ይችላል። ዱላ ካለ፣ ማስፈራራት ካለ፣ ልጆቹ ላይ የሚደርስ ነገር ካለ፣ ከዚህ በታች የምለው ሁሉ ይቆይና መጀመሪያ ደህና ወደሆነ ቦታ ሂዱ። ዳዊት ይጸልያል፣ መዝሙሩን እናውቃለን፣ ግን ሳኦል ጦር ሲወረውርበት ዘወር አለ፣ በዛው ሌሊት ሚስቱ ሜልኮል በመስኮት አውርዳው ሸሸ። እምነት ስለጎደለው ሸሸ ያለ ሰው ሰምቼ አላውቅም። «ታገሺና ጸልዪ» ብሎ የምትመታን ሴት ወደዛው ቤት የሚመልስ ምክር እኔ መንፈሳዊ ምክር አልለውም።

እሺ አሁን ወዳንቺ ልመለስ። በጋብቻና ቤተሰብ ካውንስሊንግ ከ15 ዓመት በላይ ሰርቻለሁ፣ ብዙ እንዳንቺ ያሉ ደብዳቤዎች አንብቤያለሁ፣ የአንቺን ሳነበው ግን አንድ ነገር ፈልጌ አጣሁ፣ ለዛ ነው ሦስቴ ያነበብኩት። ለእናትሽ ነግረሻል። ለጓደኞችሽ ነግረሻል። ለአገልጋዮች ነግረሻል። ለእግዚአብሔር ሦስት ዓመት ሙሉ ነግረሻል። ለባለቤትሽ ለራሱ እንደነገርሽው የሚል ቃል ግን የትም የለም። ብድሩን እንደሰማሽ ባለቤትሽ ያውቃል? ሲዘጋሽ ውስጥሽ ምን እንደሚሆን በሰላም ቀን፣ ኩርፊያ በሌለበት ሰዓት፣ ቁጭ ብለሽ ነግረሽው ታውቂያለሽ? ምናልባት ነግረሽው መጻፍ ረስተሽ ይሆናል፣ እንደዛ ከሆነ ይቅርታ አድርጊልኝ። ካልሆነ ግን የጎደለው ያለው እዚህ ጋ ይመስለኛል፣ ጸሎትሽ ውስጥ አይደለም።

ይሄን የምለው ልወቅስሽ አይደለም፣ እንደውም በጣም ነው ሚገባኝ። ሲዘጋሽ ለሳምንታት ከሆነ መናገር ያስፈራል፣ ተናግሬ ደሞ ሌላ አንድ ወር ቢዘጋኝስ ትያለሽ፣ ጸሎት ቤት ገብተሽ ለእግዚአብሔር መንገር ግን አያስፈራም፣ እሱ አያኮርፍም። ስለዚህ ሳታውቂው ለባልሽ መነገር ያለበት ነገር ሁሉ ወደ ላይ ብቻ ይሄዳል። ያንን ስታደርጊ ውስጥሽ ትንሽ ቀለል ይልሻል፣ እውነት ነው ይቀላል፣ ግን ቀለል ስላለሽ ብቻ ነገሩ ለሚቀጥለው ሳምንት ይተላለፋል። ሦስት ዓመት እንዲህ ነው የሚያልፈው። በእኛ ስራ ይሄን ብዙ ጊዜ እናየዋለን፣ ባልና ሚስት መሀል ያለው ውጥረት ሦስተኛ አካል ላይ ያርፍና ሁለቱ ፊት ለፊት ሳይገናኙ ይኖራሉ። ሦስተኛው ልጅ ሊሆን ይችላል፣ አማት ሊሆን ይችላል፣ በአማኞች ቤት ደሞ እግዚአብሔር ራሱ እዛ ቦታ ላይ ይቀመጣል። ሁለታችሁም ለየብቻ ትከሱለታላችሁ፣ እርስ በርስ ግን አትነጋገሩም።

መጽሐፍ ቅዱስ ላይ አንድ ቦታ አለ፣ ሰው ብዙ አይሰብከውም፣ ኢያሱ 7። እስራኤል በጋይ ከተማ ተሸነፉ፣ 36 ያህል ሰው ሞተባቸው፣ ኢያሱ ልብሱን ቀዶ ከሽማግሌዎቹ ጋር እስከ ማታ ድረስ በታቦቱ ፊት በግንባሩ ተደፋ። እግዚአብሔር የመለሰለት መልስ ግን «በርታ ጸልይ» አይደለም፣ ቁም፣ ለምን ተደፋህ ነው ያለው። ምክንያቱም በሰፈሩ ውስጥ የተደበቀ ነገር ነበር፣ ብርና ወርቅ፣ አካን የሚባል ሰው ሰርቆት በድንኳኑ ውስጥ መሬት ተቆፍሮ ተቀብሮ። ጸሎቱ ተሰምቷል በደንብ፣ መልሱ «ተነስና የተቀበረውን ፈልግ» ነበር። በእናንተም ቤት የተቀበረ ነገር አለ፣ ያ ብድር። አንቺ ታውቂዋለሽ፣ እሱ ያውቀዋል፣ ካልነገርሽው ግን ማወቅሽን እሱ አያውቅም፣ ሁለታችሁም በላዩ ላይ እየተራመዳችሁ አብራችሁ ልትጸልዩ ትሞክራላችሁ። እንዴት ጸሎቱ ጭቅጭቅ አይሆን? ባለቤትሽን እንደ አካን ታይው እያልኩሽ እንዳልሆነ ግን ያዢልኝ። የተበደረበት ምክንያት ምን እንደሆነ እኔም አላውቅም፣ አንቺም እስካሁን አታውቂም። ከቢዝነስ ኪሳራ ሊሆን ይችላል፣ ለቤተሰቡ ሊሆን ይችላል፣ ከባሰ ነገር ሊሆን ይችላል። ሳትጠይቂው አታውቂም።

ያዕቆብም እንደዛ ነው። ዔሳው 400 ሰው ይዞ እየመጣ ነው ሲባል በጣም ፈራ፣ ጸለየም፣ ዘፍጥረት 32 ላይ ያለው ጸሎቱ «ከወንድሜ እጅ አድነኝ፣ እፈራዋለሁና» የሚል የፈራ ሰው ጸሎት ነው። ግን ጸልዮ እዛው አልተቀመጠም። ከ500 በላይ እንስሳ መርጦ፣ መንጋ መንጋውን ለየብቻ አድርጎ በመሀሉ ርቀት እየተወ ስጦታ አስቀድሞ ላከ፣ ከዛ ሌሊቱን ብቻውን ሲታገል አደረ፣ ጠዋት እያነከሰ ወደ ወንድሙ ሄዶ 7 ጊዜ ሰገደ። ጸሎቱ ወደ ዔሳው ነው የወሰደው፣ ከዔሳው አላስመለጠውም። እኔ ጸሎት በትዳር ውስጥ የሚሰራው ትልቁ ስራ ይሄ ነው ብዬ አምናለሁ፣ ፈርተሽ ወደማትሄጂበት ሰው ይወስድሻል።

አሁን ስለ ጸሎቱ ይዘት ላውራሽ። «ቀይረው» ስትዪ ውሸት አይደለም፣ ኃጢአትም አይደለም። ግን ሦስት ዓመት በየቀኑ «ቀይረው» ለማለት በየቀኑ መቀየር ያለበትን ነገር ማስታወስ ግድ ይላል። ዘጋኝ፣ ደበቀኝ፣ አላየኝም፣ እንደዚህ ብሎኛል፣ እያልሽ ትደረድሪያለሽ፣ ከጸሎት ስትነሺ የቂሙ ፋይል ወፍሯል። እ.ኤ.አ. በ2010 ላምበርትና ፊንቻም የሚባሉ ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር ያወጡት አንድ ጥናት አለ። ለፍቅር አጋራቸው መልካም እንዲሆንለት የጸለዩት ሰዎች፣ ስለ አጋራቸው እንዲያወሩ ብቻ ከተደረጉት ይልቅ ይቅር ለማለት ዝግጁ ሆነው ተገኙ፣ በሌላው ክፍል ደሞ ሰዎች ለ4 ሳምንት በየቀኑ ለቅርብ ጓደኛቸው ጸልየው ተመሳሳይ ነገር ታየ። ልብ በይ፣ የጸለዩት ለሰውየው ደህንነት ነው። የተለወጠው ደሞ የጸለየው ሰው ልብ ነው። ጌታም ቢሆን ጴጥሮስ እንደሚክደው እያወቀ የጸለየለት እምነትህ እንዳይጠፋ ብሎ ነው፣ ሉቃስ 22። ለሚክደው ሰው።

ስለዚህ የሚቀጥለውን አንድ ወር እንዲህ ሞክሪው። ስለሱ ስትጸልዪ ክሱን ተዪውና ለሱ ለምኚለት። ብድሩ የሚያስጨንቀው ከሆነ እንቅልፍ እንዲሰጠው፣ ስራው እንዲቃናለት፣ የሚያፍርበት ነገር ካለ እውነቱን የሚናገርበት ድፍረት እንዲያገኝ። መጀመሪያ ላይ አፍሽ እንቢ ይላል፣ በተለይ በዘጋሽ ሳምንት። ያኔ እንደዛ መጸለይ ካልቻልሽ አልቻልኩም በዪው እግዚአብሔርን፣ መዝሙር 13 ላይ ዳዊት «እስከ መቼ» እያለ 4 ጊዜ ነው የጠየቀው፣ ማስመሰል አያስፈልግም። ማልቀሱንም ቢሆን ተዪ አላልኩሽም።

ስለ ኩርፊያው አንድ የምታውቂው ነገር ቢኖር ጥሩ ነው፣ ምክንያቱም የምትጸልዪበትን ነገር በትክክል ማወቅ አለብሽ። ጆን ጎትማን የሚባል ተመራማሪ ባልና ሚስት ሲጨቃጨቁ የልብ ምታቸውን እየለካ ለብዙ ዓመት አጥንቷል። በጸብ መሀል የልብ ምት በደቂቃ ከ100 ሲያልፍ ሰውየው የሚባለውን መስማት ያቅተዋል፣ ብዙ ወንዶች ያኔ ነው ግድግዳ የሚሆኑት፣ ሰውነት እስኪረጋጋም ቢያንስ 20 ደቂቃ ያህል ይፈልጋል። ስለዚህ በመሀል ተነስቶ መውጣቱ ብቻውን ንቀት ላይሆን ይችላል። ሦስት ሳምንት መዝጋት ግን ሌላ ነው፣ ያ የልብ ምት ጉዳይ አይደለም፣ ያ ቅጣት ነው፣ ወይም የሚደብቀው ነገር እንዳይነካበት የሚሸሽበት መንገድ ነው፣ በስሙ መጠራት አለበት። ጎትማን ሌላም ያገኘው ነገር አለ፣ ከባልና ሚስት ጸብ 69 በመቶ ያህሉ ጨርሶ የማይፈታ፣ ከጠባይና ከተፈጥሮ ልዩነት የሚመጣ፣ አብረውት የሚኖሩት ነው። ባለቤትሽ ዝምተኛ ሰው መሆኑ ምናልባት ከዛ ውስጥ ነው፣ «ቀይረው» ብለሽ 20 ዓመት ብትጸልዪም ተጫዋች ላይሆን ይችላል፣ ለዛ የሚያስፈልግሽ የመቻል ጸጋ ነው። ብድር መደበቅ ግን ጠባይ አይደለም፣ ድርጊት ነው፣ ሊቆም ይችላል፣ መቆምም አለበት። ሁለቱን አንድ ላይ ጠቅልለሽ እየጸለይሽ ከሆነ ለዪያቸው።

አብራችሁ ስለምትጸልዩት ጸሎት ደሞ የራሴን ልንገርሽ። በተጋባን በአራተኛው ዓመት ይመስለኛል፣ ማታ ከባለቤቴ ጋር ተንበርክከን ጮክ ብዬ «ጌታ ሆይ የባለቤቴን ልብ አለስልስልኝ፣ ለቤቱ ጊዜ እንዲኖረው እርዳው» ብዬ ጸለይኩ። አሜን አላለም። ቆየና «ለኔ ልትነግሪኝ የፈለግሽውን በእግዚአብሔር በኩል አትላኪብኝ» አለኝ። በጣም ነበር ያመመኝ፣ ምክንያቱም ልክ ነበር። ፊት ለፊት ብናገረው ሊመልስልኝ ይችላል፣ በጸሎት ስለው ግን መልስ መስጠት አይችልም፣ ማን በጸሎት መሀል ይከራከራል። እናንተም ቤት እየሆነ ያለው ይሄ ይመስለኛል፣ እሱም «ለሚስቴ ትህትና ስጣት» ይላል ብለሻል፣ አንቺም የራስሽን ትያለሽ። ስለዚህ ለጊዜው አብራችሁ ስትጸልዩ አንዳችሁ ስለሌላችሁ ጮክ ብላችሁ መጸለይ አቁሙ። አንድ ምስጋና፣ አንድ ስለ ልጆቹ፣ ከሁለት ደቂቃ ያልበለጠ፣ አቡነ ዘበሰማያት ደግማችሁ ብትተኙም ይበቃል። ጸብ መሀል ላይ ደሞ «በቃ እንጸልይ» ብሎ ነገሩን መዝጋት አይሰራም፣ አንደኛው ገና ተናግሮ ሳይጨርስ አፉን ማስያዝ ነው የሚሆነው።

ባለቤትሽ ይሄን ካነበበ ለሱም አንድ ነገር አለኝ። ወንድሜ፣ 1 ጴጥሮስ 3፥7 ለባሎች ነው የተጻፈው፣ ሚስቶቻችሁን በማስተዋል አኑሩ፣ አክብሯቸው፣ ጸሎታችሁ እንዳይከለከል ይላል። ሚልክያስ 2 ላይ ደሞ መሠዊያውን በእንባ የሞሉ ሰዎች አሉ፣ ለምን አልተቀበልከንም ብለው ሲጠይቁ መልሱ የልጅነት ሚስትህን ስለበደልካት ነው የሚል ነው። አንተ የዘጋሃት ሳምንት ላይ የጸለይከው ጸሎት የት እንደሚደርስ ራስህ አስበው። አንቺ ግን እህቴ ይሄን አንቀጽ ስክሪንሾት አድርገሽ እንዳትልኪለት፣ በራሱ ካገኘው ይጠቅመዋል፣ ካንቺ ከመጣ ዱላ ነው የሚሆነው።

እና ምን ታደርጊያለሽ? ማቴዎስ 18፥15 ላይ ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው፣ መጀመሪያ አንተና እርሱ ብቻችሁን ሆናችሁ ንገረው፣ ካልሰማ አንድ ሁለት ሰው ጨምር። አንቺ ከሁለተኛው ነው የጀመርሽው፣ ብዙዎቻችን እንደዛ ነን። ስለዚህ ቀን ምረጪ፣ ኩርፊያ የሌለበት፣ ልጆቹ የማይሰሙበት፣ እሱ ከስራ ደክሞ ባልገባበት ሰዓት። የጥንቱ የቤተ ክርስቲያን መምህር የአውግስጢኖስ እናት ሞኒካ በለቅሶዋና በጸሎቷ ነው የምትታወቀው፣ ለልጇ ነው ብዙ የሚነገረው፣ ስለ ባሏ ግን ልጇ ራሱ የጻፈው አንድ ነገር አለ። ሰውየው ቁጡ ነበር፣ በቁጣው ሰዓት አትመልስለትም፣ ሲበርድለት ግን ቁጭ ብላ ነገሩን ታስረዳው ነበር። ጸሎተኛ ስለሆነች ዝም አላለችም፣ ሰዓት ነበር የምትመርጠው።

በዛ ቀን ከመሄድሽ በፊት 10 ደቂቃ ጸልዪ፣ ያኔ የምትጸልዪው ስለሱ አይሁን፣ ስላንቺ አንደበትና ስለ ፍርሃትሽ ይሁን። ነህምያ ንጉሡ ፊት በጣም ፈርቶ ቆሞ በጥያቄና በመልስ መሀል አጭር ጸሎት ጸልዮ ነው አፉን የከፈተው፣ ነህምያ 2። ከዛ ቀጥተኛ ሆነሽ ንገሪው። እንደዚህ ማለት ትችያለሽ፦ «ልነግርህ ፈልጌ የፈራሁት ነገር አለ። መበደርህን ከሰው ሰምቻለሁ። መበደርህ ብቻ አይደለም ያመመኝ፣ ለብቻህ መሸከምህና እኔ ከሌላ ሰው መስማቴ ነው። ምን ያህል እንደሆነና እንዴት እንደምንከፍለው አብረን ማየት እፈልጋለሁ።» ስለ መዝጋቱ በሌላ ቀን፣ ሁለቱን አትደርቢ። ነገሩን ከነገረሽ ሰው ስም ጋር እንዳታገናኚው፣ ወሬው ወደ ማን ነገረሽ ይሄድና ብድሩ ይረሳል። አንድ ጥፋት ከራስሽ ካለ፣ ለምሳሌ ለሱ ሳትነግሪ ለነዛ ሁሉ ሰዎች መንገርሽ፣ እሱን ቀድመሽ ይቅርታ ጠይቂበት። በር ዘግቶ ከወጣ ተከትለሽ አትናገሪ፣ «ስትረጋጋ እንቀጥላለን፣ ነገ ማታ» ብለሽ ቀን ቁረጪ፣ በቀኑም ደግመሽ አንሺው። ሁለት ሦስቴ ሞክረሽ ፈጽሞ ከዘጋ ያኔ ሁለታችሁንም የሚያከብር፣ ሁለታችሁንም የሚሰማ አንድ ሰው ጨምሪ፣ የነፍስ አባት ይሁን ፓስተር ይሁን የሰለጠነ አማካሪ፣ ዋናው ነገር አንቺን ብቻ ሰምቶ «ጸልዪ» ብሎ የሚሸኝሽ ሰው አይሁን።

የቀረችው ልጅሽ ናት፣ ከጥያቄሽ ሁሉ ውስጤ የቀረው እሱ ነው። ሐና በቤተ መቅደስ ስታለቅስ ካህኑ ዔሊ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ብቻ አይቶ ሰክራለች ብሎ አሰበ፣ 1 ሳሙኤል 1። ካህን ሆኖ እንኳን ከውጭ ሲያየው ጸሎት መሆኑ አልገባውም። ሐና ግን ተቆጥታ አልሄደችም፣ አስረዳችው፣ አልሰከርኩም፣ ልቤ አዝኖ ነፍሴን እያፈሰስኩ ነው አለችው። ልጅሽም በር ላይ ሆና ያየችው ከውጭ ነው፣ ማስረዳት አለብሽ። «ይሰማኛል ልጄ። ያለቀስኩት አዝኜ ስለነበር ነው። አንቺ ያጠፋሽው ነገር የለም፣ ይሄን ማስተካከል ደሞ የትልልቅ ሰው ስራ ነው፣ የኔና የአባዬ» በያት። አብራሽ «አባዬን ቀይርልን» ብላ እንድትጸልይ አታድርጊያት፣ ያ ሸክም ለ7 ዓመት ልጅ ይከብዳል፣ ካልተቀየረ ደሞ የሷ ጸሎት ያልሰራ ይመስላታል። ስለ አባቷ የምትጸልይ ከሆነ እንደሌላው ቀን አባዬን ጠብቅልኝ ትበል፣ በቃ። ሰምቶሽ ምን አደረገ ብላ ከጠየቀችሽ ደሞ «ከአባዬ ጋር ቁጭ ብዬ እንዳወራ ድፍረት ሰጠኝ» ማለት ትችያለሽ፣ ግን ይቺን ከሱ ጋር ሳታወሪ እንዳትያት፣ ውሸት ይሆናል። እስከዛ «ይሰማኛል፣ ከአባዬ ጋርም ላወራ ነው» በያት፣ ከዛ ቀኑን ቁረጪ።